መጀመሪያ ማን እንዳስገባው ጠይቂ

ቆዪ፣ ኢንተሩን እንዳትጫኚው። ያንን ‹--ፎርስ› የሚለውን መጀመሪያ አጥፊው። አውቃለሁ፣ ቀይ ጽሑፍ ሲደረደር ዓይን ያፈዛል፤ ከጎንሽ የሚቀመጠውም ልጅ ‹ፎርስ በይው፣ ያልፍልሻል› ብሎሻል። እውነቱን ነው፣ ያልፍልሻል። በኋላ ነገሩ ሲበላሽ ግን ምን እንዳሳለፍሽ የሚነግርሽ አታገኚም።

ይልቅ ወደ ላይ ውጪና ኤረሩን ረጋ ብለሽ አንብቢው። የሚነግርሽ ሦስት ነገር ነው። ‹ፋውንድ› ከሚለው ፊት ለፊት ሪአክት 18.2.0 ይላል፤ ይህ አሁን ፕሮጀክትሽ ውስጥ ያለው ነው። ዝቅ ስትዪ ‹ፒር ሪአክት ^17.0.0› የሚል ታገኛለሽ፤ ይህ ሌላ ሰው የሚፈልገው ነው። እዚያው መስመር ላይ ‹ፍሮም› ከሚለው ቀጥሎ የፈላጊው ስም አለ፦ ትናንት የጨመርሽው የቀን መምረጫ ፓኬጅ። ከቁጥሩ ፊት ያለችው ምልክት ‹ከ17 ጀምሮ፣ 18 ሳይደርስ› ማለት ናት። ፓኬጁ የሚያውቀው 17ን ነው፣ አንቺ የያዝሽው 18 ነው፣ አለቀ። ኤንፒኤም ከ7ኛው ቨርዥን ወዲህ እንዲህ ያለውን ግጭት እያየ ዝም ብሎ ማለፉን ትቷል፤ የጮኸብሽም ለዚህ ነው። አሁን የቀን መምረጫው 18ን የሚቀበል አዲስ ቨርዥን እንዳለው ፈልጊ። ከሌለው ባለቤቶቹ ትተውት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምረጪ። ፎርስ የመጨረሻው በር ነው፤ እሱንም ስትከፍቺ ምን እየጣስሽ እንደሆነ አውቀሽ ክፈቺው።

ስሚኝ እህት ዓለም፣ መጫንማ ሁሉም ያውቃል። ፓኬጅ ስትጨምሪም፣ ስታወጪም፣ ቨርዥን ስትቀይሪም ሁለት ጥያቄ አለ። ይሄ ምን ምን ይዞ ይመጣል? ይሄንንስ ማን አስገባው? የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ሌሊት ከእንቅልፍሽ ተጠርተሽ ስትነሺ የሚያድንሽ ግን እሱ ነው። አያቶቻችን ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ወደ ላይ ነበር፤ ልጁ ምን እንደሚመስል ማየት ብቻ ሳይሆን ከማን ከማን እንደተወለደ ለማወቅ። ኮድሽ ውስጥ የተገኘውንም እንግዳ ወደ ላይ ቁጠሪው።

በይ ያንን የፓይተን ፕሮጀክት ክፈቺልኝ። ‹ፒፕ ሾው ዩአርኤልሊብ3› ብለሽ ጻፊ። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች አየሻቸው? ‹ሪኳየርስ› የሚለው እሱ ራሱ የሚፈልጋቸውን ነው፤ ባዶ ነው። ‹ሪኳየርድ ባይ› የሚለው እሱን የሚፈልጉትን ነው፤ ሪኩዌስትስ እና ቦቶኮር ይላል። አንቺ ዩአርኤልሊብ3ን በስሙ ጠርተሽ አስገብተሽው አታውቂም። ሪኩዌስትስን ስትጭኚ ከነሰርቲፋይ፣ ከነአይዲኤንኤ፣ ከነቻርሴት-ኖርማላይዘር ተከትሎት ገባ። ቦቶኮር ደግሞ የአማዞንን ክላውድ ለማናገር ብለሽ ካስገባሽው ቦቶ3 ጋር መጣ።

ባለፈው ‹ዩአርኤልሊብ3 ወደ 2 አላድግ አለኝ› ብለሽ የተማረርሽበት ነገር አሁን ይፈታል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፓይተን 3.9 ነው። ቦቶኮር ደግሞ ፓይተኑ ከ3.10 በታች ከሆነ ከ1.27 በታች ያለውን ዩአርኤልሊብ3 ብቻ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ የሚያስቸግርሽ ዩአርኤልሊብ3 አይደለም፣ ሪኩዌስትስም አይደለም። ማሳደግ ያለብሽ ፓይተኑን ነው። አንቺ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ቁጥር ስትቀያይሪ ዋልሽ።

ፒፕ ሾው የሚያሳይሽ አንድ እርከን ብቻ ነው። መንገዱን እስከ ላይ ማየት ስትፈልጊ እዚያው ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንትሽ ውስጥ ፒፕዴፕትሪን ጫኚና ‹--ሪቨርስ› እና ‹--ፓኬጅስ› ብለሽ የፓኬጁን ስም ስጪው። ኤንፒኤም ላይ ይህንኑ የሚመልስልሽ ‹ኤንፒኤም ኤክስፕሌይን› ነው፤ ያርን እና ፒኤንፒኤም ላይ ‹ዋይ› ይሉታል፤ ጎ ላይ ‹ጎ ሞድ ዋይ›፤ ረስት ላይ ‹ካርጎ ትሪ› ብለሽ ‹-አይ› ትጨምሪበታለሽ። ሁሉንም በቃልሽ መያዝ አይጠበቅብሽም። የምትሠሪበትን ቋንቋ አንዱን ብቻ ጣትሽ እስኪለምደው ተጠቀሚበት። በነገራችን ላይ ፒፕ አንድ ፓኬጅ ሲያወጣ ያ ፓኬጅ ይዟቸው የመጣቸውን አያወጣም፤ አሮጌ ኢንቫይሮንመንት ውስጥ ‹ሪኳየርድ ባይ› ፊቱ ባዶ የሆነ፣ አንቺም የማታውቂው ነገር ካገኘሽ ከሄደ እንግዳ የተረፈ ነው።

ጃቫ ላይ ስትደርሺ ዛፉን ማየት ብቻውን አይበቃሽም፤ ዳኛው እንዴት እንደሚፈርድ ማወቅ አለብሽ። ሁለት ፓኬጆች የአንድ ላይብረሪ ሁለት የተለያየ ቨርዥን ቢጠይቁ ሜቨን የሚመርጠው ወደ ፕሮጀክትሽ የቀረበውን ነው፤ አዲስ ይሁን አሮጌ ደንታ የለውም። ግሬድል ደግሞ ካልከለከልሽው በቀር ከፍተኛውን ቁጥር ይወስዳል። ስለዚህ አንድ አይነት ዲፔንደንሲ የተጻፈባቸው ሁለት ፕሮጀክቶች በሁለቱ መሣሪያዎች ሲገነቡ የተለያየ ነገር ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ሜቨን ላይ ‹ዲፔንደንሲ ትሪ› ስትዪ ‹ቨርቦስ› የሚለውን ጨምሪበት፤ ያኔ የተሸነፉትንም ከነምክንያታቸው ያሳይሻል። ግሬድል ላይ ‹ዲፔንደንሲ ኢንሳይት› አለልሽ፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ማን አሸነፈ ብቻ ሳይሆን ለምን አሸነፈ የሚለውን በቃላት ይጽፍልሻል።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ጨዋታ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሎግ4ጄ የተባለው የጃቫ ላይብረሪ ቀዳዳ ይፋ ሲሆን በየአገሩ ያለ የአይቲ ክፍል የተጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ‹እኛ ጋ አለ?› አብዛኛው ሰው የራሱን የዲፔንደንሲ ፋይል ከፍቶ ስሙን ሲያጣው ‹የለም› አለ። ጉግል ያኔ የሜቨን ማዕከላዊ ማከማቻን አስቆጥሮ ባወጣው ዘገባ ከተጠቁት ፓኬጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቀዳዳውን የያዙት በቀጥታ ሳይሆን በሌላ ፓኬጅ በኩል ነበር፤ አንዳንዱ 9 እርከን ድረስ ወርዶ ነው የተገኘው። በስም የተጻፈውን ብቻ ያየ ሰው እንዴት ያገኘዋል? ቆጠራውም ራሱ ትምህርት አለው። መጀመሪያ ከ35 ሺህ በላይ ፓኬጅ ተነክቷል ተባለ። ቆይቶ ቀዳዳው ያለው ሎግ4ጄ-ኮር ውስጥ እንጂ ሎግ4ጄ-ኤፒአይ ውስጥ አይደለም ተብሎ ኮሩን የያዙት ብቻ ሲቆጠሩ ወደ 17 ሺህ ወረደ። ተቀራራቢ ስም ያላቸው ሁለት ፓኬጆች ናቸው። ስለዚህ ስትፈልጊ ሙሉ ስሙን ጻፊ።

ከሁሉም በላይ የማነሳልሽ ግን የኤክስዜድን ጉዳይ ነው፤ ማን አስገባው የሚለው ጥያቄ ከዚህ በላይ የከበደበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 መጨረሻ ላይ የፖስትግሬስ አልሚና የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ዴብያን ሲድ በተጫነበት ማሽን ላይ ፍጥነት ሲለካ ኤስኤስኤች መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ሌላ ሰው ‹ኔትወርኩ ነው› ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ተከታተለውና መጨረሻው ኤክስዜድ የሚባለው የፋይል ማመቂያ ላይ አደረሰው። 5.6.0 እና 5.6.1 የሚባሉት ቨርዥኖች ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር ተገኘ። ያስገባው ሰው በተውሶ ስም ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ኮድ እያዋጣ አመኔታ ያተረፈ ተባባሪ ነበር።

አሁን መንገዱን እዪው። ኤስኤስኤችን የሚጽፉት ሰዎች ኤክስዜድን አይጠቀሙም፤ ምን ያደርግላቸዋል? ዴብያንና ጥቂት ሌሎች ስርጭቶች ግን ሰርቪሱ ተነስቶ ሥራ መጀመሩን ሰርቪሶችን ለሚያስነሳው ለሲስተምዲ እንዲያሳውቅ ብለው የራሳቸውን ማስተካከያ አክለው ኤስኤስኤችዲን ከሊብሲስተምዲ ጋር አያያዙት። ሊብሲስተምዲ ደግሞ ያኔ የመዝገብ ፋይሎችን ለማመቅ የኤክስዜድን ላይብረሪ፣ ሊብ-ኤልዜድኤምኤን፣ ይጭን ነበር። እንዲህ ሆኖ የሰርቨሩን በር የሚጠብቀው ፕሮግራም አንድ ፋይል ማመቂያ በጓዳ ገባበት። ‹ተጀምሬያለሁ› ብሎ ለመናገር ሲባል! የኤስኤስኤችን የራሱን ዲፔንደንሲ ዝርዝር ስታነቢ ብትውዪ ኤክስዜድን አታገኚውም፤ የሚታይሽ ማሽንሽ ላይ የተጫነውን ፕሮግራም ራሱን ስትጠይቂ ነው።

የምትጠይቂውም በ‹ኤልዲዲ› ነው፤ ለፕሮግራሙ ፋይል አድራሻውን ትሰጪዋለሽ፣ የሚጫኑትን ላይብረሪዎች ከነልጅ ልጆቻቸው ይዘረዝርልሻል። ነገር ግን ከማታውቂው ሰው በመጣ ፋይል ላይ ኤልዲዲን እንዳታስነሺ። መመሪያው ራሱ እንደሚያስጠነቅቀው ፕሮግራሙን ሊያስነሳው ይችላል። ለእንደዚያ ያለው ‹ኦብጀዳምፕ -ፒ› ይሻላል፤ ‹ኒድድ› የሚሉትን መስመሮች ብቻ አንብቢ። እሱ የሚያሳየው ቀጥተኛዎቹን ብቻ ስለሆነ ያኔ ሊብሲስተምዲን ያሳይሽና ኤልዜድኤምኤን ይደብቅብሽ ነበር፤ ሁለተኛውን ለማግኘት ሊብሲስተምዲን ራሱን መልሰሽ መጠየቅ ነበረብሽ።

በኋላ ምን ተደረገ መሰለሽ? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 9.8 ሲስተምዲን የሚያሳውቅበትን ነገር ሊብሲስተምዲን ሳይነካ በራሱ አጭር ኮድ ጻፈው። አንዳንዴ መፍትሔው ገመዱን መቁረጥ ነው።

እንግዲህ ሰርቨሩን ካነሳን አይቀር፣ ዴብያንና ኡቡንቱ ላይ ልማድ ይሁንሽ። አንድ የማታውቂው ፓኬጅ ስታዪ ‹አፕቲቱድ ዋይ› ብለሽ ስሙን ጻፊ፤ አንቺ በእጅሽ ከጫንሽው ነገር ተነስቶ እዚያ ድረስ ያለውን ሰንሰለት በአጭሩ ይነግርሻል። አፕቲቱድ ከሌለሽ ‹አፕት-ካሽ አርዲፔንድስ --ኢንስቶልድ› አለ። ይህን ‹ኢንስቶልድ› የሚለውን ካልጨመርሽበት ማከማቻው ውስጥ ያለውን ፈላጊ ሁሉ ይዘረግፍብሻል፣ አንቺን የሚመለከትሽ ግን ማሽንሽ ላይ ያለው ነው። አንድ ነገር ልታወጪ ስትዪ ደግሞ ‹-ኤስ› ጨምረሽ በማስመሰል አስኪጂው፤ ምን ምን አብሮት ሊወጣ እንደሆነ አይተሽ ከዚያ ወስኚ። እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ ላይ አንድ ታዋቂ የካናዳ የዩቲዩብ ሰው ፖፕ ኦኤስ ላይ ስቲምን ሊጭን ሲል የፓኬጁ ዲፔንደንሲ ተዛብቶ ስለነበር አፕት ዴስክቶፑን በሙሉ ላወጣልህ ነው ብሎ አስጠነቀቀው። ሰውየው ሳያነብ ‹አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ!› የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፈና ዴስክቶፑ ጠፋ። መሣሪያው ነግሮታል። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ወገን እወቅሳለሁ፣ ተራ ተጠቃሚ ጨዋታ ሊጭን መጥቶ እንዲያ ያለ ጥያቄ መጠየቅ አልነበረበትም። አንቺ ግን ተራ ተጠቃሚ አይደለሽም።

ስዕሉን በተመለከተ፦ አይ፣ አታሳዪኝ። ሁሉም ጀማሪ የሚሠራው ነው፤ ግራፍቪዝን ያመጣና የፕሮጀክቱን ዲፔንደንሲ በሙሉ በቀስት ያስለዋል። አንድ ሺህ ክብ፣ አምስት ሺህ ቀስት፣ የሚነበብ ስም የለ። ስብሰባ ላይ አለቃን ለማስደንገጥ ካልሆነ በቀር ሲጠቅም አይቼው አላውቅም። ስዕል ካማረሽ አንድ ፓኬጅ መሐል ላይ አድርገሽ አንድ ወይም ሁለት እርከን ብቻ አስዪ፤ ለዴብያን ዴብትሪ የሚባለው ይህን ያደርግልሻል። ለቀረው ግን ከስዕል ይልቅ አንድ መንገድ የሚነግርሽ መስመር ይሻላል። ‹እኔ፣ ከዚያ እገሌ፣ ከዚያ እገሌ፣ ከዚያ ችግሩ።› በዚህ ላይ ሥራ መሥራት ይቻላል።

መሣሪያዎቹን ግን እንደ ዳዊት እንዳትደግሚያቸው። የሚነግሩሽ ፓኬጁ ስለ ራሱ የጻፈውን ነው። አንድ ሰው የሌላውን ኮድ ገልብጦ ፋይሉ ውስጥ ቢለጥፈው ዛፉ ላይ አይታይም። ጃቫ ላይ ብዙ ላይብረሪ አንድ ጃር ውስጥ ታምቆ ስሙም ተለውጦ ሲገባ እንዲሁ ያመልጣል፤ በሎግ4ጄ ሰሞን ብዙዎችን ያስለቀሰው ይህ ነበር። ኤንፒኤም ላይ ደግሞ ተቃራኒው አለ፦ ፓኬጅ-ጄሰንሽ ውስጥ ያልጻፍሽውን ፓኬጅ ሌላው ይዞት ስለመጣ ብቻ ኮድሽ ውስጥ ትጠሪዋለሽ፣ ይሠራልሻል። ያኛው አንድ ቀን አያስፈልገኝም ብሎ ሲተወው አንቺ ትወድቂያለሽ፤ ምክንያቱን ብትፈልጊም የራስሽን ፋይል ስላልነካሽ ግራ ይገባሻል። የምትጠሪውን ጻፊው። ሎክ ፋይሉንም ከኮዱ ጋር አብረሽ ኮሚት አድርጊ፤ ምን ተጠየቀ ሳይሆን ምን ገባ የሚለው የሚገኘው እዚያ ነው።

ገና ሳትጭኚ መጠየቅም ይቻላል፤ በሞባይል ዳታ የምትሠሪ ሰው ደግሞ ይህን ልታውቂው ይገባል። ‹ኤንፒኤም ኢንስቶል› ላይ ‹--ድራይ-ረን› ጨምሪ፤ ስንት ፓኬጅ እንደሚጨምርብሽ ይነግርሻል። ዴፕስ-ዶት-ዴቭ የሚባለው የጉግል አገልግሎት ላይም የፓኬጁን ስም ብቻ ጽፈሽ ቀጥተኛውንና ቀጥተኛ ያልሆነውን፣ የታወቀ ቀዳዳ ካለውም እሱን፣ ፓኬጁን ሳታወርጂ ታያለሽ። ወደ ላይ ማን እንደሚፈልገውም ይቆጥርልሻል።

ለውጭ ደንበኛ መሥራት አስቤያለሁ ብለሽኛል አይደል? እንግዲያው ይህ የፈቃደኝነት ነገር እንዳይመስልሽ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 በወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ለፌዴራል መንግሥት ሶፍትዌር የሚሸጡ ድርጅቶች ውስጡ ያለውን ሁሉ እንዲዘረዝሩ መንገድ ከፍታለች፤ ዝርዝሩን ኤስቦም ይሉታል። የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ተቋቋሚነት ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ጸንቷል፤ ዋና ዋና ግዴታዎቹ በታኅሣሥ 2027 ይጀምራሉ። ደንበኛሽ አንድ ቀን ‹ኤስቦም ላኪልኝ› ይልሻል። አትደናገጪ፣ ‹ኤንፒኤም ኤስቦም› የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሳይክሎንዲኤክስ ወይም ኤስፒዲኤክስ የሚለውን ቅርጽ መርጠሽ ማውጣት ነው። ከመላክሽ በፊት ግን አንቺው አንብቢው፤ ውስጡ የሚያስደነግጥ ነገር ካለ ደንበኛው ሳይሆን አንቺ ቀድመሽ ደንግጪ።

ደግሞ ሁሉንም ነገር በፓኬጅ አትፍቺ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሌፍት-ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ደራሲዋ በስም ክርክር ተናዶ ከኤንፒኤም ሲያነሳት እነ ባቤል ሳይቀሩ መገንባት አቃታቸው። የምትሠራው ሥራ ጽሑፍ ላይ በግራ በኩል ክፍት ቦታ መሙላት ነበር። ኤንፒኤም ከዚያ ወዲህ ሌሎች የተደገፉበትን ፓኬጅ እንዲህ በቀላሉ ማንሳት ከልክሏል፣ ጥሩ ነው። ግን 11 መስመር ለመጻፍ የሰው እጅ ማየት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ምስጠራ፣ የሰዓት ሰቅ፣ የፒዲኤፍ ንባብ፣ እነዚህን አትሞክሪያቸው፤ የሰው ተጠቀሚ። ግማሽ ገጽ የማይሞላውን ራስሽ ጻፊው።

ሰኞ ቢሮ ስትገቢ የፕሮጀክቱን ፓኬጅ-ጄሰን ክፈቺና በስም የተጻፉትን አንድ በአንድ እዪያቸው። ማን እንደጨመረውና ለምን እንደሆነ መናገር ያልቻልሽውን ለቡድኑ አንሺው። ማንም መልስ ካጣለት በሌላ ብራንች ላይ አውጪውና ቴስቱን አስኪጂ። ካለፈ ይውጣ።